የአማቴ እግሮችና የኩልፎ አሸዋ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን አምስት ሰዎች ነበርን። አማቴ በረንዳው ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በቀኛቸው፣ ከጨንቻ የወረደው ታላቅ ወንድሙ በግራቸው ቆመዋል። ጎረቤታችን የስፖርት መምህሩ ማንጎው ሥር ነበር፤ መሰላል ሊዋስ መጥቶ ወሬያችን ያዘው። እኔ የሳሎኑ በር ላይ ነበርኩ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አማቴ ጨንቻ በሳንባ ምች ታመው እኛ ዘንድ ወርደው ታከሙ። ሳሉ ለቀቃቸው፤ ብዙ ጊዜ ከመተኛታቸው የተነሳ እግራቸው ግን አልታዘዝ አላቸው።

«እማዬ፣ እዚሁ ቅሪ» አለ ታላቁ ልጅ። «ጨንቻ ቀን ቀን ቤት ሰው የለም። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«እንሰቴስ?» አሉ አማቴ።

ከቤታቸው ጓሮ ያለው እንሰት ለቆጮ ለመፋቅ ደርሶ ነበር። ያንን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እንሰቱን ከመፋቂያው ሳንቃ ጋር በእግር አጥብቆ ይዞ፣ በሁለት እጅ መፋቅ ነው። እግሩ ከደከመ ሥራውም የለም።

ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ሁለቱ ልጆቻቸው እንደ ልማዳቸው ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲነሳ ቆሞ ማየት ነውር ነው።

«እግራቸውን ያደከማችሁት እናንተ ናችሁ» አለ መምህሩ።

ባለቤቴ ቅር አለው። «እናቴን እጄን አጣጥፌ ልያት?»

«አዎ። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይከሳል። ቀስ በቀስ በክብደት ካሠራነው በእርጅናም ይጠነክራል። እንደ ወጣትነት አይሆንም፤ ከመቀመጫ ግን ያስነሳል።»

«ጨንቻስ ያደርሰኛል?» አሉ አማቴ።

«እሱን አብረን እናያለን፣ እማማ።»

ታላቁ ልጅ ሳቀ። «ከመሬት ብቻዋን ከተነሳች ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለ። ያመነበት አልመሰለኝም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ልባቸውን አዳምጦ ፈቀደ። እኔ ከአሮጌ አንሶላ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ሰፋሁ፤ መምህሩ ከኩልፎ ወንዝ ዳር አሸዋ አምጥቶ ሞላባቸው። ከረጢቶቹ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ታስረው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ጉልበታቸውን ይዘረጋሉ፣ ቀስ ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ከወንበሩ መነሳትና መቀመጥ ነው፤ መጀመሪያ ወንበሩን ተደግፈው፣ ኋላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። እየጠነከሩ ሲሄዱ ከወንበር ወደ በርጩማ ወረድን። በመሐል ያርፋሉ።

መምህሩ አሸዋ ሲጨምር፣ «አንተ ልጅ፣ ኩልፎን በሙሉ እግሬ ላይ ልታስር ነው?» ይሉታል። ሳይጨምር ሲቀር ደግሞ፣ «ዛሬ ጥጥ ነው እንዴ የሞላህበት?»

የከበደው ለእኛ ነበር። ባለቤቴ እናቱ ሊነሱ ሲሉ እንዳያይ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የመጣች እንግዳ ሮጣ ልታነሳቸው ስትል እጇን መለሱት። «ተይኝ፣ ልጄ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አሏት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔም ወንበር አቀረብኩላት።

ሌሊቱን ጭናቸውን ያመማቸው ጊዜ ነበር። ዛሬ ልተወው ሲሉ ግን አልሰማሁም። እያደር ግድግዳ መያዝ ተዉ። የበረንዳውን ደረጃ ብቻቸውን ወረዱ። አንድ ጠዋት ከቧንቧው ትንሿን ጀሪካን ሞልተው ሲመጡ አየሁ። በዕድሜዬ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ አብልጬ የማከብራቸው እርሳቸውን ነው፤ ይህን በጊዜው አልነገርኳቸውም።

የዝናቡ ወቅት ሲያልፍ ታላቁ ልጅ መጣ። አማቴ ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ከዚያ በጎናቸው ዞሩና መዳፋቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። አንድ ጉልበታቸውን አንበረከኩ፤ የሌላውን እግር ተረከዝ ተከሉ። እዚያ ላይ ቆም አሉ። ቀሚሳቸው ጭናቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ባለቤቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ጃኬቱን ያዝኩት።

ተነሱ። መዳፋቸውን አራገፉ።

ታላቁ ልጅ መሬት መሬት እያየ፣ «መኪናው ሲቀላ ሰፈር ነው የሚጠብቀን» አለ።

አማቴ ጓዛቸውን አነሱ፤ ባለቤቴ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። «ይህ ምን ይከብዳል ብለህ ነው?» አሉት። ጉንጩን ሳሙት፣ እኔንም ሳሙኝ፣ የግቢውን በር ከፍተው ወጡ።