ከሳጥን የወጡት ድሪቶዎች

ልጅ እያለሁ፣ ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን፣ ጠዋት ነቅቼም ቶሎ ከአልጋ አልወርድም ነበር። በመስኮቱ ስንጥቅ የገባችው ፀሐይ ከእግሬ ተነስታ ቀስ እያለች ወደ ደረቴ ስትወጣ፣ የለበስኩት ድሪቶ ቀለም በቀለም እየበራ ይመጣል። እኔም ዐይኔን ከፈት ከደን እያደረግሁ በጣቴ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው እጓዛለሁ። ቢጫዋ አበባማ የጎረቤታችን የእትዬ ራህመት የኢድ ቀሚስ ናት። ሰማያዊው የአንድ ሙሽራ ኮት ገበር ነው። ቀይዋ ከማን እንደመጣች ስለማላውቅ የአንዲት ንግሥት ናት ብዬ ወስኜ ነበር። ቀይዋ ላይ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ መልሶ ይወስደኛል።

እማዬ ኡራኤል አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ እየተከለች፣ ጠርዝ እየዘመዘመች ነው ያሳደገችኝ። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተወጥሮ ይመጣል፤ የጠመኔና የከሰል ካውያ ሽታ ይሸታል። መሬት ላይ ዘርግተነው "የቱ ከየቱ ይስማማል?" ትለኛለች። እኔ እመርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ለአልጋው፣ ለመደቡ፣ ለመስኮቱ ሳይቀር በጠቅላላ ስድስት ድሪቶዎች ነበሩን። እትዬ ራህመት ሲመጡ የቀሚሳቸውን ቁራጭ ፈልገው ያገኙና "እኔ እዚህ ጋ ነኝ" ብለው አጠገቡ ይቀመጣሉ።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ ግን ያ ሁሉ ቀለም ያሳፍረኝ ጀመር። ትምህርት ቤት ውስጥ ድሪቶ ስድብ ነበር፤ ልብሱ የተጣፈ ልጅ የሚሰደብበት። አንድ ቅዳሜ ሜሮን የምትባል የክፍሌ ልጅ የቤት ሥራ አብረን ልንሠራ መጣች። እነሱ ቤታቸው ፎቅ ነው፤ አልጋቸው ላይ ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ አለ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ድሪቶውን በሁለት ጣቷ ብድግ አደረገችና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የሠራተኛዋ ነው" አልኳት።

ቤታችን ሠራተኛ ኖራ አታውቅም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ ትልልቅ ሰዎች። እኔ ግን ሲያመልጠኝ በደንብ ታውቆኛል፤ ምክንያቱም እማዬ ሻይና ዳቦ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንገቷን ደፍታ ገባች፣ ሻዩን አስቀመጠች፣ "ስኳር ካነሰ ጥሩኝ፤ እመቤቴ እስኪመጡ ጓዳ ነኝ" ብላ ወጣች። እኔን ከጓደኛዬ ፊት ላለማዋረድ ብላ በገዛ ቤቷ ሠራተኛ ሆነች።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድሪቶዎቹ በሙሉ ከቤቱ ጠፍተዋል፤ አልጋዬ ላይ ባለ ነብር ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። ከየት አምጥታ እንደገዛችው እንጃ። ይሞቃል፣ ግን ጠዋት ጠዋት የምጓዝበት ቦታ አልነበረኝም፤ ነብሩ ብቻ አፍጥጦ ያየኛል። የእማዬም ቦርሳ ከዚያ ወዲህ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዞ አልመጣም። ይቅርታ ልጠይቃት ስንቴ ተነሳሁ መሰላችሁ፤ ሌላ ነገር አውርቼ እመለሳለሁ። እንዲሁ ስል አደግኩ።

ሰፈራችን ሲፈርስ እማዬን ይዤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ዕቃ ስንጭን አልጋዋ ሥር የኖረውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩት። ስድስቱም ድሪቶዎች ታጥበው፣ ታጥፈው፣ በመሃላቸው ናፍታሊን ተደርጎባቸው ተኝተዋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዲሱ ቤት እንደገባን ሁለቱን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው፣ ሌሎቹን ሶፋውና አልጋዎቹ ላይ አለበስኳቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበረንዳው ስትገባ ቤቱ በሙሉ ያ የድሮው ጠዋት ይሆናል። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችና "ሰው ይመጣል እኮ" አለች።

ሰው መጣ። እሑድ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ አንዷ ግድግዳው ፊት ቆመች።

"በቃ ጋለሪ እኮ ነው የሚመስለው! ማለቴ፣ ከየት ገዛሽው?"

እማዬ ይህን እንደሰማች ብድግ ብላ ወደ ኩሽና አመራች። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም እኔን ከኀፍረት ልታድን ነው የምትሸሸው። እጇን ያዝኩ።

"አልገዛሁትም" አልኩ። "እናቴ ናት የሰፋችው። እሷ ናት።"

ጓደኛዬ ወደ እማዬ ዞራ "እማማ፣ እባክዎ ለልጄ አንድ ይስፉልኝ" አለቻት። የእማዬ ፊት በራ። ጨርቁን በእጇ እየዳበሰች፣ "ዐይኔ እኮ ደከመ የኔ ልጅ፤ መርፌውንም አላየው። ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

ያኔ በኩራዝ ብርሃን ሳይቀር ክር የምታስገባ ሴት ነበረች። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሥራ ያየ ሁሉ ያደንቃል፣ በውድ ይገዛል፤ እኔም እንግዳ በመጣ ቁጥር የማን እጅ እንደሆነ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ድሪቶዎቹን ሁሉም ይወዷቸዋል። አዲስ እንድትሰፋላቸው የሚለምኗትም ብዙ ናቸው። ስድስቱም ግን ከዚያች ቅዳሜ በፊት የተሰፉ ናቸው።