ለእናቴ ክፍል የመረጥኩት ሰማያዊ

ሀርጌሳ፣ ሠላሳ አንድ ሜይ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስንገባ የምንጣፎቹን ቀለም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ድሬዳዋ ያደግሁበት ቤት ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ቀይ ምንጣፍ ነበረው፤ እኔ ግን ለየክፍሉ የሚስማማውን ልፈልግ ብዬ የሀርጌሳን ገበያ ሦስት ቀን ዞርኩት። ለሳሎኑ ወይን ጠጅ፣ ለልጄ ክፍል ሣር የመሰለ አረንጓዴ ወሰድኩ። የእናቴ ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለሚበዛበት ቀዝቀዝ እንዲልላት ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ምንጣፉንም ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ሰማያዊ አደረግሁላት።

በተነጠፈበት ዕለት፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ፣ ወጥ ቤት ሩዝ እየለቀምኩ ሳለ እናቴ ጮኸች። እናቴ ጮኻ አታውቅም።

"ያ አላህ! ልጂቱ! ልጂቱ ገባች!"

ሮጬ ስደርስ እናቴ የክፍሏ ደፍ ላይ በሆዷ ተኝታለች። በአንድ እጇ የበሩን መቃን ጨብጣ ሌላውን ወደ ክፍሉ ዘርግታለች። የሦስት ዓመቷ ልጄ ምንጣፉ መሀል ተቀምጣ ትስቃለች፤ አያቷ የምትጫወት መስሏታል።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"እንዳትጠጊ! ጉድጓዱ ውስጥ ትገቢያለሽ።"

"የምን ጉድጓድ?"

"አይታይሽም እንዴ? ቤት ውስጥ ይህን ማን ቆፈረው?"

ድምጿ የጤነኛ ሰው ድምፅ ነበር፤ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው። አእምሮዋ የሄደ መሰለኝ። ልጄን ላነሳ አንድ እግሬን ወደ ውስጥ ሳስገባ ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጇ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ቆዳዬን በሳው። መንቀሳቀስ ሲያቅተኝ ልጄን "ነይ" አልኳት። ተነስታ እየሮጠች መጣች። እናቴ ልጂቱ በአየር ላይ ስትራመድ ያየች ያህል ዓይኗ ፈጦ ቀረ። ከዚያ ደረቷ ላይ አጣብቃት አለቀሰች።

አየር ማረፊያ የሚሠራው ባለቤቴ ስደውልለት መጥቶ ወደ ሐኪም ወሰደን። መኪናው ውስጥ እየፈራሁ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ሰኞ። ምነው፣ አበደች ብለሽ ነው?"

እጇን ያዝኩ፤ መኪናው እስኪቆም አልለቀቅኳትም።

ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ እንደሸፈናቸው ነገረን። ብርሃን ከሞላበት መተላለፊያ መጥታ በመጋረጃ በጨለመው ክፍል ያን ጥቁር ምንጣፍ ስታየው ወለል የሌለው ጉድጓድ ሊመስላት እንደሚችል አስረዳን። አእምሮዋ ደህና ነው ሲል አልሐምዱሊላህ አልኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት ስንወጣ።

"ምን ብዬ? ፊትሽን በደንብ ካየሁት እኮ ቆየ። በድምፅሽ ነው የማውቅሽ።"

እኔ አብሬያት እየበላሁ፣ አብሬያት እየሳቅሁ፣ ይህን አላወቅሁም ነበር።

በማግስቱ ያን ምንጣፍ አስነስቼ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ነጋዴው አንድ በአንድ ሲዘረጋላት በእግሯ ጣት እየዳበሰች "ይህ መሬት ነው፣ ይህ አይደለም" እያለች የአሸዋ ቀለም ያለውን መረጠች። ቤት ሲነጠፍላት ክንዴን አጥብቃ ይዛ ገባች።

የአንደኛው ዓይኗ ቀዶ ጥገና በሰላም አልፏል፤ ሁለተኛው ይቀራል። እኔ ግን ክፍሏ ፀጥ ባለ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ላያት እሄዳለሁ። "ምን ፈለግሽ?" ትለኛለች። "ምንም" እላትና ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።