አባቴ ያደሰው ኮምፒውተር

መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት፣ አባቴ ሲሞት የኮምፒውተሩ የጎን ክዳን ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ብሎኖቹ በሻይ ሰሃን ላይ ተቀምጠዋል። ይነዳበት በነበረው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ደግሞ አንድ አውቶቡስ ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ መንገድ ዳር ቆሟል። ጉዞው ግማሽ ላይ ነው።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉታል። መንገዱ ባዶ ሲሆንም ፍሬን ይይዛል፤ እንዲያውም ባዶ መንገድ ይበልጥ ያጠራጥረዋል። ከእሱ ጋር የተሳፈረ ሰው ግንባሩን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ሳያስተዋውቅ አይወርድም። ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ይህን ሲናገር «ዶሮ እንኳ» ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በተለይ ዶሮ የገጨ ባልደረባ በአቅራቢያው ካለ።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ መለስተኛ ስትሮክ መታው። ንግግሩ ቶሎ ተመለሰ፤ ቀኝ እግሩ ብቻ ትንሽ ከበደው። ሐኪሙ ለስድስት ወር መኪና እንዳይነዳ፣ ከዚያ በኋላ መንዳት ከፈለገ እንደ ጀማሪ እንዲፈተን ነገረው። ከስትሮኩ ይልቅ «እንደ ጀማሪ» መባሉ አመመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈተናውን ከማለፍ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። እናቴ ደግሞ እንዲወድቅ ትጸልያለች። ከአንድ ቤት በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ ልመና ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር።

አውቶቡስ የሚያስነዳ የኮምፒውተር ጨዋታ መኖሩን የነገረው የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። መሪም ፔዳልም አለው። አባቴ ልቡ ተነሣ፤ መለማመጃ አገኘ። ችግሩ ቤት ያለው ኮምፒውተር እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩበት መሆኑ ነበር። ያኔም ቢሆን ከገጽ ወደ ገጽ ሲሻገር ያቃስታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨዋታ ከባድ ነው። ይሄን ማሽን ይገድለዋል» አለው ጠጋኙ።

«ሞተር ሲያረጅ ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይገጠማል። ሞተር አረጀ ብሎ መኪና የሚጥል ማነው?»

«ይሄ እኮ መኪና አይደለም።»

«እሱን ለእኔ ተወው፣ ኢንጂነር። አንተ ያገለገለ ዕቃ ፈልግ።»

ያገለገለ ዕቃ ተፈለገ። የማሽኑ ማስታወሻ፣ ራሙ፣ ከተቃጠለ ኮምፒውተር ላይ ተነቀለ። ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ከከሰረ ጌም ቤት መጣ፤ ከሳጥኑ ስለሚተርፍ የጎን ክዳኑ ተነሥቶ ቀረ። ካርዱ መብራት የሚበላ ሆነና ፓወር ሰፕላዩም ተቀየረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጨዋታው ተከፈተ። የምስሉ ጥራት እስከ መጨረሻው ዝቅ ስለተደረገ ዛፎቹ ቅጠል፣ ተሳፋሪዎቹ ፊት አልነበራቸውም። አባቴ ቅር አላለውም።

«ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ የማንን ፊት አየሁ? ማጅራቴን ያዩት እነሱ ናቸው።»

ቅር ያሰኘው ፍሬኑ ነው። ሰው መንገድ ሲገባ እግሩን ይጭናል፤ አውቶቡሱ ግን ሰውየውን አልፎ ይቆማል።

«እኔ ይዣለሁ፤ እሱ ገና ሊያስብበት ነው!»

መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነበር፤ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ራም ተጨመረለት። ይዘገያል። አሮጌው ዲስክ ወጥቶ ፈጣን ገባ። ይዘገያል። ዕቃ በዕቃ ላይ ሲደረብ ቆይቶ የእኛ ኮምፒውተር የጠጋኙን የራሱን አስከነዳው። ዛፎቹ ቅጠል አወጡ፣ ተሳፋሪዎቹ ዓይንና አፍንጫ አበቀሉ። አሁንም ይዘገያል።

አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ ጋደም ሲል ጠጋኙ ራሱ መሪውን ይዞ ሞከረው። ሰው መንገድ ገባ፤ ፍሬን ያዘ፤ አውቶቡሱ ቀጥ አለ። ደገመው። ቀጥ አለ። ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ ማሽኑ እኮ ምንም የለበትም።»

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «አውቃለሁ» አለችው።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበል። ክፈትና አቧራውን እፍ በልለት።»

ጤነኛው ኮምፒውተር እንዲህ ሆኖ ሕክምና ጀመረ። እናቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ትላለች፤ ጠጋኙ ከዚያ ይበልጣል ባይ ነው። ጠጋኙ እፍ ይላል፣ ብሩሽ ያሳልፋል፣ ቀዶ ጥገና እንደሚያደርግ ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ «አሁን ይሞክሩት» ይላል። አባቴ ሞክሮ «ተሽሎታል፤ ግን...» ይላል። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ይሄ እርጉም ዕቃ መቼም አይድንም!» ትላለች። ኮምፒውተሩ አፍ የለው፣ ምን ይበል?

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ጠጋኙ ብሩሹን ይዞ መጣ። እንደ ልማዱ እፍ አለና «እስቲ አንዴ ልየው» ብሎ ተቀመጠ። አባቴ ከኋላው ቆሟል። የጠጋኙ ስሕተት ይህ ነው፤ መዘግየት እንዳለበት ረሳ። ከቆመ ጭነት መኪና ኋላ አንዲት ሴት ብቅ ስትል አውቶቡሱ ፊቷ ላይ ቀጥ አለ።

«ተነሥ» አለው አባቴ።

ተቀመጠ። ያው መንገድ፣ ያው ጭነት መኪና፣ ያቺው ሴት። አልፏት ሄዶ ቆመ። ደገመው። አሁንም አለፋት።

«ጋሼ፣ ሙቀት ይዞት ይሆናል፤ ትንሽ ቢያርፍ...»

«ኢንጂነር፣ ሾፌር በፍሬን አይዋሽም።»

ጠጋኙ አቀረቀረ።

«ሚስቴ ታውቃለች?»

ጠጋኙ የብሩሹን ጠጉር ማስተካከል ጀመረ።

«ያን ሁሉ እርግማን ያወረደችበት እያወቀች ነው? ሴትዮዋ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ነው እንጂ ቲያትር ቤት ነበር ቦታዋ!»

ሳቀ። ጠጋኙም ሊያግዘው ሳቅ ጀምሮ፣ የአባቴን ፊት ሲያይ ተወው። አባቴ ፍሬቻ አሳይቶ አውቶቡሱን ወደ መንገድ ዳር አወጣ፣ የእጅ ፍሬን ሳበና ከወንበሩ ተነሣ።

ሰኞ መጋቢት 5፣ የፈተናው ቀን፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። እናቴ ነገሩን ተራ ለማስመሰል፣ በር ላይ «የወጥ ቤቱ አምፖል ተቃጥሏል፤ ስትመለስ ይዘህ ና» አለችው።

የመጣው ከሰዓት ነው።

«እህስ?»

«ምን እህስ ትያለሽ፣ የዛሬ ሾፌር እያወራ ነው የሚነዳው! ዞር ብሎ ከኋላ ካለው ሰው ጋር ይሳሳቃል። ሁለት ጊዜ ተናገርኩት።»

«በአውቶቡስ ነው የሄድከው?»

«በምን ልሂድ?»

«ፈተናውስ?»

«የሚነዳ ይፈተን።»

አምፖል ከቤታችን ፊት ለፊት ይሸጣል። እሱ ለአንድ አምፖል እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዶ፣ በዚያው አውቶቡስ ተመልሷል። እናቴ ይህን አንሥታ ልታሾፍበት አሰበችና ተወችው። ወንበር አምጥታ ያዘችለት። ወጣና የተቃጠለውን ፈታ፣ አዲሱን አጠበቀ፣ «አብሪው» አላት።

በራ። ከሚያስፈልገው በላይ ደማቅ ነው አለች። እሱም «ሽንኩርቱን ደህና አድርገሽ እንድታዪ ነው» ብሎ ወረደ።