ሞርሳ የነከሰው አንድ ብር

ደሴ ፒያሳ ካለችው ሱቄ ሲወስዱኝ የሰው ሰዓት ከፍቼ እየጠገንኩ ነበር። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «የታሰሩት ልጆች የት ናቸው?» ብዬ መጠየቄ ነው። ኮምቦልቻ ወስደው አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው ሙቀቱ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

መርማሪው ታናሽ ወንድሜን የሚያህል ጎልማሳ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «አንተ» እያለ ሲያመናጭቀኝ ከርሞ አንድ ጠዋት «ጋሼ» ብሎ ጠራኝ። እውነቴን ነው፣ ከጥፊው ይልቅ አክብሮቱ አስፈራኝ።

«ከሰዓት ጥገና ሌላ የሳንቲም ስህተትም ይለያሉ፣ ሰብሳቢዎችም በቃልዎ ያምናሉ አሉ። እስቲ ይዩልኝ።»

የአንድ ብር ሳንቲም ነው። በአንደኛው ገጹ አንበሳው እንደ ወትሮው አለ። ሚዛኑ ባለበት በሌላው ገጽ ግን ወደ ውስጥ የሰመጠ፣ ፊቱ የዞረ ሌላ አንበሳ ይታያል። ፋብሪካ ውስጥ ሲመታ የተበላሸ ሳንቲም የመኪና ዋጋ እንደሚያወጣ ስልኩ ላይ አይቷል።

«ገዢ አግኝቻለሁ፤ የእርስዎን ፊርማ ካየ ይወስደዋል። ሲሠራ የተበላሸ ነው ብለው ይፈርሙና ለአረፋ ቤትዎ ይግቡ።»

ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። የፋብሪካው ማሽን ተሳስቶ ቢሆን ሚዛኑ ከነጭራሹ አይኖርም ነበር፤ ቦታውን የሰመጠው አንበሳ ብቻ ይይዘዋል። እዚህ ግን ከሰመጠው አንበሳ ሥር የሚዛኑ ክንድ አለ። ስገለብጠው ደግሞ የዚያኛው አንበሳ ጎፈር ተደፍጥጧል። ሁለት ሳንቲም ደርቦ በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ የጨመቀ ሰው ሥራ ነው።

«እስከ ስድስት ሰዓት ያስቡበት» አለኝና ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

እዚያ አብረውኝ የታሰሩት የኩታበር ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ያለበትን አልናገርም ብለው የታሰሩ ሽማግሌ። ነገርኳቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ ፈርምና ውጣ! አንድ ሳንቲም ነው እኮ።»

«እርስዎስ የልጅዎን ቦታ ለምን አይነግሯቸውም?»

«እሱማ ልጄ ነው።»

«ይህም እጄ ነው፣ አባባ።»

 ይህን ስል ቆራጥ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ቤቴ ናፍቆኝ ነበር። ሚስቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለራሴ «አንድ ፊርማ ናት» እያልኩ ረፋዱን ሙሉ ስቁነጠነጥ አረፈድኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወረቀትና እስክሪፕቶ አቀረበልኝ። ጽሕፈቴን አሳምሬ ጻፍኩ፦ «ይህ ሳንቲም ሲሠራ ስህተት አልነበረበትም። ከወጣ በኋላ ሰው በሞርሳ ጨምቆ አበላሽቶታል።» ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አነበበው።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?»

«ጋሼነቴ አለቀ ማለት ነው?» አልኩት።

ጥፊው ጆሮዬን አጮኸው። አረፋን እዚያው ዋልኩ። ልጄ ስትወለድም አልነበርኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሚስቴ አንዳንዴ «ብትፈርም ምን ነበረበት?» ትለኛለች። አልፈርድባትም። ግን እዚያ ግቢ ስለ እኔ የተጻፈው ወረቀት አንድ ፋይል ይሞላል፤ አድማ አስተባባሪ ነው፣ ከሽፍታ ጋር ይላላካል፣ ያላሉት የለም። በእኔ እጅ የተጻፈው ያ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ውሸት የሌለበትም እሱ ብቻ ነው።