ሙባረክን ሳትጠሩ ፓስዎርዱን አትጠይቁኝ

ኧረ በሕግ አምላክ! ሙባረክ ሞተ ነው የምትሉኝ? ትናንት ልምምድ ላይ "የላፕቶፑን ገመድ ረገጥሽብኝ" ብሎ ሲጮህብኝ የዋለው ሙቤ?

ጠዋት እህቱ ደውላ "ከእንቅልፉ አልነቃም" ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ተቆጣኋት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኔ እዚሁ ጎንደር በሰርግ ባንድ ውስጥ የዘፈን ተቀባይ ነኝ። መድረክ ላይ የምታዩን አምስት ነን፤ የምትሰሙት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ሳክስፎን ግን ቀድሞ የተቀረጸ ትራክ ነው። ያንን በላፕቶፕ ሶፍትዌር ከዘፋኙ ጋር እያስማማ የሚለቀው ሙባረክ ነበር። የዚሁ የአራዳ ሰፈር ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ሁሌ ከስፒከር ጀርባ፣ በርጩማ ላይ።

አይከል ከተማ አንድ ሰርግ ላይ ዘፋኛችን መሃል ላይ ግጥሙ ድርግም ብሎ ጠፋበት። ትራክ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፣ ጥሎት ነው የሚሄደው። ሙቤ ቶሎ ብሎ መግቢያውን መልሶ መላልሶ አዞረለት፤ እኛ "እሰይ! እሰይ!" እያልን ሞላን፣ ዘፋኙም ግጥሙ መጣለት። ማንም አልነቃብን። የሙሽራው አጎት እንዲያውም "ምነው ይችን ዙር ደግማችሁ ብታመጧት፣ ሸጋ ናት!" አሉን።

"አይዞሽ፣ ከጠፋሽ እኔ እመልስሻለሁ" ይለኝ ነበር ሁሌ።

ያን ቀን መጨረሻ ላይ የባንዱ መሪ እንደ ልማዱ ማይክ ይዞ በየስማችን አስተዋወቀን። ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ጭብጨባ። ሹፌራችንን እንኳ ጠራ! ሙባረክን ዘለለው። ምነው ስለው "እሱ ምን ሠራ? ቁልፍ ነው የሚጫን" አለኝ።

ሙቤ ሳቅ ብሎ ገመዱን ጠቀለለ። መኪና ውስጥ ግን "ለአባቴ ዕቃ ጫኝ እመስለዋለሁ። አንድ ቀን ስሜን በማይክ ቢሰማ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ለመሪው ነገርኩት። "እሺ" ይላል፣ መድረክ ላይ ይዘለዋል።

ዛሬ ከቀብር መልስ አባቱ አጠገቤ ተቀምጠው "እስቲ ልጄ፣ ሙባረክ እናንተ ዘንድ ሥራው ምን ነበር?" አሉኝ። ከባንዱ ከእኔ በቀር ዝር ያለ የለም፤ ለሰርግ ድምፅ እየሞከሩ ነው። ልመልስላቸው ስል ስልኬ ጠራ። መሪያችን።

"የላፕቶፑን ፓስዎርድ ታውቂያለሽ?"

እግዜር ያሳያችሁ! አባትየው እንዴት ሆኑ እንኳ አላለም። ፌስቡክ ላይ ግን ሻማ ለጥፎ "የባንዳችን ምሰሶ" ብሎ ጽፏል። ምሰሶው ስም አልነበረውም?

አዎ፣ አውቀዋለሁ። አልናገርም። ሥራው ቁልፍ መጫን ብቻ ከሆነ፣ እንግዲህ ተጫና!

ሙቤዬ፣ እዚያ ማይክም መድረክም አልነበረኝም። ለቅሶ ቤት መሃል፣ ነውር ነው ሳልል ብድግ አልኩና ጠራሁህ። "ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ሳክስፎኑ፣ ስንጠፋ የሚመልሰን፣ ሙባረክ!" አልኩ። ለቅሶ ነውና ማንም አላጨበጨበም። አባትህ ብቻ ቀና ብለው "ይሄን ሁሉ?" አሉ።

አዎ ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ። በል ደህና ሁን።