የትርንጎ ድንጋይ

ሥራ የጀመርሁት በኮምፒውተር ጥገና ዲፕሎማዬን በያዝሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሱቁ ግሽ አባይ ሰፈር፣ በዳቦ ቤትና በልብስ ስፌት ቤት መካከል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ዳኘው ዲፕሎማዬን ገልጠው እንኳ አላዩትም። አንድ ፍላሽ ሰጡኝና "በዚህ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ሱቁ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ" አሉኝ። ገለበጥሁ። "በይ አሁን ፍላሹን እንደ ልብሽ ንኪው" አሉኝ። ምኑን እንደምነካ ግራ ገብቶኝ ቆምሁ።

"በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው" አሉ። "መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መንካት። ይህን ያዛነፈ ሰው እኔ ዘንድ አይሠራም።"

ጋሽ ዳኘው ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በጡረታ የወጡ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ናቸው። ሱቁንም እንደ ክፍል ነበር የሚያስተዳድሩት። ሦስት ማዕረግ ነበረን። ገልባጭ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ ይገለብጣል። ጫኝ ፕሮግራምና ጌም ይጭናል። ቴክኒሻን የኮምፒውተሩን ሆድ ይከፍታል። እኔ አንድ ዓመት ገልባጭ ሆኜ ሠራሁ፤ ከዚያ ጫኝ ሆንሁ። ቴክኒሻኑ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ብሎን መፍቻቸውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

የጫኝነት ዘመኔ ያለፈው በአብዛኛው በሞድ ላይ ነው። ሞድ ማለት የጌሙ ሠሪዎች ያላሰቡትን ነገር ሌላ ሰው ሠርቶ የሚጨምርበት ፋይል ነው። አንዱ የውጭ አገር አውራ ጎዳና ላይ የኛን ሚኒባስ ያስገባል፤ ሌላው የሰፈሩን ቡድን ማሊያ ያለብሳል። ሠሪዎቹ በየአገሩ አሉ፤ ሥራቸውም እንደየጠባያቸው ነው። እነሱን የማስማማቱ ጣጣ የጫኝ ነው።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ካርታ ይቀድማል፤ ከዚያ መኪናው ወይም ጀልባው፤ ከዚያ የአየር ጠባዩ፤ ፊደል መጨረሻ ይገባል። ሁለት ሞዶች አንዱን ፋይል ከነኩት የኋለኛው ያሸንፋል። ባዛነፍሁ ቁጥር ጋሽ ዳኘው "ዛሬም ካኒቴራሽን ከሸሚዝሽ በላይ ለብሰሽ መጣሽ?" ይሉኝ ነበር። ደግሞም አንዱን ጭኖ፣ ጌሙን ከፍቶ አይቶ፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላው መሄድ። አሥሩን በአንድ ጊዜ የጫነ ሰው ጌሙ ሲዘጋበት ጥፋተኛውን አያገኘውም።

አባባ ሰይድን ያወቅናቸው በልጃቸው በዘይነብ በኩል ነው። ዘይነብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ታንኳ ሲሠሩና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ወገባቸውን ሲያማቸው ሰባታሚት ወዳለው ቤቷ አመጣቻቸው።

"ከሐይቁ ከራቁ ወዲህ ዝም አሉብኝ" አለችኝ። "አንድ ቀን ግን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ብገባ፣ ውስጡ የጀልባ ጌም አለበት። እሱን ሲያዩ 'ይህ የማን አገር ሐይቅ ነው? ለምን ጣና አይሆንም?' አሉ። ስንት ወር የዘጋ አንደበታቸው ያን ቀን ተከፈተ።"

ዕድል ሆኖ ደንበኛችን የሆነ አንድ የኮሌጅ መምህር ከሳተላይት ፎቶ እየቀዳ የጣናን ካርታ ሠርቶ ነበር፤ ታንኳም ጨምሮበታል። እሱን ጫንሁላቸው። በሦስተኛው ሳምንት አባባ ሰይድ ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

"ያች የጫንሽልኝ ምንድን ናት?" አሉኝ።

"ታንኳ ናት፣ አባባ።"

"አይደለችም።"

"ምኗ ጎደለ?"

"ታንኳ ውኃ ትጠጣለች፣ ልጄ። የደንገል ሣር ሥራ ናት። እየዋለች እየከበደች ትሄድና ወደ ዳር ጎትተሽ ታደርቂያታለሽ። ያች ግን ከገባች ወር ሊሆናት ነው፤ እስተ ዛሬ ጠብታ አልጠጣችም። በእንዲህ ያለች ታንኳ የሄደ ሰው አላየሁም።"

ለመምህሩ ደውዬ ነገርሁት። ስቆ አላበቃም፤ ግን ሠራው። ታንኳዋ በጌሙ ቀን በቀን ክብደት እየጨመረች እንድትሄድ፣ ከዚያም ዳር ወጥታ እንድትደርቅ አደረጋት። ሌሎች ደንበኞች "ከበደችብን፣ አቅልሉልን" እያሉ መጡ። "አውጥታችሁ አድርቋት" እያልሁ መለስኋቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የምልክት ሞድ ነው። በካርታው ላይ በፈለጉት ቦታ ባንዲራ ተክሎ ማስታወሻ የሚያስጽፍ ነው። አማርኛ ስንጽፍበት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ አስቸገረን። የፊደል ሞድ ፈልጌ ከሁሉም በኋላ ስጭነው ተስተካከለ። አባባ ሰይድ ቁርአን ያነባሉ እንጂ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ እሳቸው እየተናገሩ ዘይነብ ትጽፍላቸው ጀመር።

የሚያስጽፉት ነገር ጌም አልነበረም። "እዚህ ታች ድንጋይ አለ፤ መረብ ይይዛል።" "ከሰዓት በኋላ ጉማሬ የሚወጣው በዚህ ነው።" "ነፋስ ከተነሣ እዚህ ግባ፤ ወዲያ ማዶ አትሞክር።" "በክረምት አምባዛ ከዚህ አይጠፋም።" በወረቀት የጻፈው ሰው የለም። ለምን እንደሚቸኩሉ ስጠይቃቸው ደብቀው አልነገሩኝም።

"ራሴ ማፍሰስ ጀምሯል፣ ልጄ። ትናንት የልጅ ልጄ ስም ጠፍቶብኝ ዋለ። ሳያልቅ ልገልብጠው ብዬ ነው።"

ስልሳ ሦስት ምልክት ከደረሱ በኋላ ነው እኔ ጥፋቴን ያጠፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ ስታገባ ፈቃድ ጠይቄ ቆላ ድባ ሄድሁ፤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በዚያ መካከል ዘይነብ ኮምፒውተሩን አቧራ ለማስጠረግ አመጣችው። ጋሽ ዳኘው እንደ ደንባቸው መጀመሪያ ገለበጡ። ስልሳ ሦስቱን ምልክቶች በሱቁ ሃርድ ዲስክ አስቀመጡና ፎልደሩን "ሰይድ" ብለው፣ ከጎኑ ቀኑን ጻፉበት። ቀኑን የጻፉት በኛ አቆጣጠር ነው። ሁልጊዜም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። "መስከረም ሳይጠባ ዓመት አልለውጥም" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ በሚያሳየው በፈረንጆቹ እጽፋለሁ። እሳቸውም የራሳቸው፣ እኔም የራሴ ደንበኞች ስለነበሩን ለዓመታት ተጋጭተን አናውቅም።

ከሠርግ ስመለስ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ቀይ አብርቷል። ፎልደሮቹን በዓመት ደረደርኋቸው። "ሰይድ" የሚል ሁለት አገኘሁ፤ አንዱ እኔ ቀደም ብዬ ያስቀመጥሁት ነው፤ ሌላው ግን በቁጥሩ ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ያረጀውን ሰረዝሁት። በቦታውም አዳዲስ ፊልሞች ሞላሁበት።

አንድ ደቂቃ ቆሜ ባስብ ኖሮ፣ ከስምንት ዓመት በፊት አባባ ሰይድ ሐይቁ ላይ ነበሩ እንጂ የምን ኮምፒውተር! ጌሙም ገና አልተሠራም ነበር። ግን አላሰብሁም። ሥራውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበራ።

ወር ሳይሞላ ዘይነብ ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ከተፍ አለች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ሞቷል።

"ምልክቶቹስ?" አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጠኝ።

"አይዞሽ፣ እኛ ጋ ቅጂ አለ" አልኋት። እንዴት ተዝናንቼ እንደተናገርሁት ሳስታውስ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጋሽ ዳኘው አዲስ ሃርድ ዲስክ አስገቡበት። እኔ ጌሙን ጫንሁ፤ ካርታውን፣ ታንኳዋን፣ ነፋሱን፣ ምልክቱን፣ መጨረሻ ፊደሉን። እያንዳንዱን ከፍቼ አየሁ። ከዚያ ከፎልደሬ ያለውን አስገባሁና ሐይቁን ከፈትሁ። ዘይነብ በጣቷ ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ።

"ሌላውስ?"

ጋሽ ዳኘው ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ሳይነሡ "የእኔን ክፈቺላት እንጂ፤ አንቺ ሠርግ ሳለሽ ያስቀመጥሁትን" አሉኝ። ቀኑንም ነገሩኝ። ያኔ ገባኝ። ያረጀ ብዬ የሰረዝሁት እሱን ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ የሱቁን ሃርድ ዲስክ የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ሞከርን። የወጣው ሁሉ የፊልም ቁርጥራጭ ነበር።

"እርስዎ ይንገሩልኝ፣ ጋሼ" ብዬ ለመንኋቸው።

"የሰረዝሽው አንቺ ነሽ፤ ሂጂና ንገሪያቸው። በስልክ እንዳይሆን፤ ሰባታሚት በባጃጅ የት አለና!" አሉኝ። በር ላይ ስደርስ ደግሞ መልሰው ጠሩኝ። "ዓመተ ምሕረቱ የማን እንደሆነ ሳልጽፍበት መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው። እሱንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።"

ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አቅፌ ሄድሁ። አባባ ሰይድ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዘይነብ "የስንት እሑዴ ሥራ ነበር!" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። እሳቸው የመቁጠሪያቸውን ዶቃ አንድ ሁለት ገፉ።

"ስንት ቀረ?" አሉ በመጨረሻ።

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ሌላውን እንግዲህ… አላውቀው ይሆናል፣ ልጄ።"

እንባዬ መጣ። ይቅር ብየሻለሁም አላሉኝ፣ አልተቆጡኝምም። ያን ዕለት እዚያው በረንዳው ላይ ለማስታወስ ሞከሩ። አራት አወጡ፤ አምስተኛው ከሦስተኛው ጋር ተደባለቀባቸው። ተናደዱና መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱት።

ሌላ ዘዴ ስላልነበረኝ ኮምፒውተሩን ገጣጥሜ ታንኳዋን አስነሣሁላቸው። ጆይስቲኩን ያዙ። ከዳር ወጡ፤ ቀስ እያሉ መቅዘፍ ጀመሩ። ታንኳዋ በቅጂው እንደነበረችው ውኃ ጠጥታ ከብዳ ነበር፤ ብዙ አትሄድም። ሩብ ሰዓት ያህል ቀዘፉ።

"ቁሚ" አሉኝ ድንገት፣ የሚቀዝፉት ራሳቸው ሆነው ሳለ። "እዚህ ነው መረቡን የሚይዘው። አባቴ ሁለት መረብ የተቀደደበት ነው። ጻፊ!"

ጻፍሁ። ትንሽ እንደሄዱ ሌላ መጣ። በረንዳ ላይ እምቢ ያለው ነገር እየቀዘፉ ሲሄዱ በየቦታው ይጠብቃቸው ነበር። የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ደንበኞች እንደጠየቁን ታንኳዋን አቅልለናት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ቦታ ሽው ብለን አልፈን ምንም አናገኝም ነበር።

አሥራ አንድ እሑድ ሄድሁ። እሳቸው ይቀዝፋሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ዘይነብ ቁጭ ብላ ታርማለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምታናግረኝ ለማረም ብቻ ነበር። በአራተኛው እሑድ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበችልኝ፤ ቀጥላም "እሾሁን ሳታዪ እንዳትሰርዢው" አለችኝ። እርቃችን ይኸው ነው። በየእሑዱ ማብቂያ ሁለት ቅጂ እገለብጣለሁ፤ አንዱን እነሱ ጋ እተዋለሁ፣ አንዱን ወደ ሱቅ እወስዳለሁ። በሁለቱም ላይ ቀኑን በኛም በፈረንጅም እጽፋለሁ።

ከስልሳ ሦስቱ ሃምሳ ስምንቱ ተመለሱ። አምስቱ እምቢ አሉ። ዘይነብ አምስት እንደሚጎድል ታውቃለች እንጂ የት የት እንደነበሩ አታስታውስም። አባባ ሰይድ በመጨረሻው እሑድ ሐይቁን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ የሚያስቆማቸው ቦታ አላገኙም።

"ይበቃል" አሉ። ከዚያ ታንኳዋን ወደ አንድ ወሽመጥ አፍ አዙረው አቆሙ። "እዚህ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። ስም የለውም። ጻፊ፦ የትርንጎ ድንጋይ።"

ትርንጎ የኔ ስም ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ይስቃል።

"ምን ብዬ ልጻፍ፣ አባባ?"

"ከላይ አይታይም። አውቀዋለሁ ብሎ የሚሄድ ይመታዋል።"

ዘይነብ ከት ብላ ሳቀች። እኔም እየሳቅሁ ጻፍሁት።

መምህሩ አባባ ሰይድን አስፈቅዶ ምልክቶቹን ከካርታው ጋር አንድ ላይ አደረጋቸው። ዛሬ የጣናን ካርታ የሚያስጭን ሰው ሁሉ ድንጋዬንም አብሮ ያገኛል። የምጭነውም እኔው ነኝ። ጋሽ ዳኘው ብሎን መፍቻቸውን ለኔ ትተው ቤታቸው ከዋሉ ሰንብተዋል፤ አልፎ አልፎ መጥተው የፎልደሮቹን ስም ይቆጣጠራሉ።

በቅርቡ እንግዶችን በሞተር ጀልባ የሚያመላልስ አንድ ሰው ሊያስጭን መጣ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ቆየና አንዱ ላይ ቆመ።

"ይህን ድንጋይ አውቀዋለሁ! ሞተሬን የሰበረብኝ እሱ ነው" አለኝ። "ግን ትርንጎ ማናት?"

"እኔ ነኝ" አልሁት።

ለአዲስ ጫኞች የምለው ይህን ነው። ፎልደር ስትሰይሙ ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉበት። ሌላ ሰው ያስቀመጠውን ከመሰረዛችሁ በፊት ያስቀመጠውን ሰው ጠይቁ። ጋሽ ዳኘው ከኔ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ነበር። አልጠየቅኋቸውም፤ አምስት ቦታ ጠፋ።