የፊቱና የጀርባው ቁጥር

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ለዓመታት ስሠራ ሥራዬ ቁጥር መምታት ነበር። ደረሰኝ፣ የመግቢያ ትኬት፣ የእድር ካርድ፣ ተራ ቁጥር የሚያስፈልገው ወረቀት ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። የምሠራበት የብረት ቁጥር መምቻ እጀታው የተላጠ ነበር፤ ጫን ባልሁት ጊዜ ሁሉ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ዞረው ቀጣዩን ቁጥር ያወጣሉ። ወረቀቱ ፊትና ጀርባ የታተመ ከሆነ በጎኑ ያለችውን መቀየሪያ አዞራታለሁ፤ ያኔ ያንኑ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል። ፊቱን እመታለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ ጀርባውን እመታለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ምስጋና አያበዙም። «ጨረስሽ?» ይላሉ። «ጨርሻለሁ ጋሼ» እላለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጠባያቸው ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ ልጅቷ እስክትመጣ ድረስ።

ልጅቷ ከእኔ ጥቂት ታንሳለች። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ ነው የመጣችው። በከተማችን ኮምፒውተር ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ጊዜ ጋሼ አንድ ከነፕሪንተሩ ገዝተው እሷን ቀጠሩ። ጋሼ ጥርሳቸው እስኪታይ እንደሚስቁ ያወቅሁት ያኔ ነው። እሷን «ጨረስሽ?» አይሏትም፤ «ደከመሽ እንዴ ልጄ?» ነው የሚሏት። ደንበኞችም የእኔን ጠረጴዛ አልፈው ከሷ ወንበር ኋላ ይቆማሉ። እናቴ ሳትቀር አንድ ቀን ምሳ ልታቀብለኝ መጥታ፣ «ይቺ ልጅ እንዴት ያለች ፈጣን ናት! እጇን ይባርከው» ብላ ወጣች። ያን ቀን ምሳው አልወርድ አለኝ።

ክፉ ብትሆን ኖሮ በቀለለኝ። እሷ ግን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ «እታለም» እያለች ነው የምትጠራኝ፣ እንደ ታላቅ እህቷ። ጠዋት የጉና ብርድ እጄን ሲያደነዝዘው አይታ ከቤቷ የሱፍ ጓንት አምጥታልኛለች። ጓንቱን አደረግሁት፤ ይሞቃል። መሞቁም አናደደኝ።

አንድ ክረምት ከይፋግ ወዲያ ካለ ደብር አንድ መሪጌታ መጡ። ለደብሩ ምእመናን የቤተሰብ ካርድ ሊያሳትሙ ነው። በፊቱ የአባወራው ስም፣ በጀርባው የቤተሰቡ የክርስትና ስም ይጻፍበታል። ካርዱ በየትኛውም በኩል ቢገለጥ እንዲታወቅ ቁጥሩ በሁለቱም ፊት መኖር አለበት። ይህ የእኔ ሥራ ነው ብዬ ወንበሬን አስተካክዬ ተቀመጥሁ።

ጋሼ ግን የታተመውን ካርድ ወደ ልጅቷ ወሰዱት። «ቁጥሩንም ኮምፒውተሩ ያውጣው» አሉ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺ እስከዚያው ደረሰኝ ጠርዢ።»

አንገቴን ደፍቼ መጠረዝ ጀመርሁ፤ ጆሮዬ ግን ከፕሪንተሩ ላይ አልተነሣም። እኔ ቀኑን ሙሉ ትከሻዬ እስኪዝል የምመታውን ያ ማሽን እያፏጨ ይተፋዋል። መጀመሪያ የሁሉንም ካርድ ፊት አወጣች። ከዚያ ክምሩን እንዳለ ገልብጣ መልሳ አስገባችና ጀርባውን ታወጣ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ድምፁ ቆመ። ቀና ስል ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ምነው?» አልኋት።

«ካርዱ አለቀ እታለም፤ ቁጥር ግን ተርፎ ወረቀት አምጡ ይለኛል።»

ተነሥቼ ሄድሁ። ካርዶቹን ከላይ ጀምረን እያገለባበጥን አየን። መጀመሪያው ልክ ነው። መካከል ላይ ስንደርስ ጀርባው ላይ ቁጥር የሌለው አንድ ካርድ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የፊቱ ቁጥርና የጀርባው በአንድ ይለያያል። ማሽኑ ሁለት ካርድ አጣብቆ ስቦ፣ የላይኛውን ብቻ አትሞ አሳልፏል። በዚያች ቅጽበት ደረቴ ውስጥ የተሰማኝ ሙቀት ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። አሁን ጋሼ ሲመጡ አያታለሁ አልሁ።

ጋሼ መጡ። ልጅቷ ከበሩ ላይ ተቀበለቻቸው። «ጋሼ፣ አበላሽቼዋለሁ። እያየሁ ማስገባት ሲገባኝ ትቼው ነው።»

ጋሼ ካርዶቹን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሳቁ። «ያልሠራ ነው የማይሳሳት። የተበላሸውን ያህል መልሰን እናትማለና!» አሉ።

እኔ አንድ ጊዜ የጥቂት ትኬቶችን ቁጥር ዘቅዝቄ መትቼ ጋሼ ሳምንት ሙሉ አኩርፈውኛል። የሷ ስሕተት ግን ከእኔ ልፋት ይልቅ ተወደደ። የዚያን ቀን የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም።

መሪጌታው ካርዱን ሊወስዱ በማግስቱ በዝናብ መጡ። ልጅቷ ጥፋቷን ለሳቸውም በራሷ አንደበት ነገረቻቸው። ራሷን ዳሰስ አድርገው «የማን ልጅ ነሽ? እደጊ» ብለው መረቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ብርዱ ነው የኔታ» አልኋቸው።

«ብርዱስ ሁላችንንም መታን» አሉና፣ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

ጋሼ በተበላሸው ፈንታ ቁጥር የሌለው ካርድ በማተሚያው እንደገና አተሙ። ልጅቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ ስባ ተቀመጠች።

«እታለም፣ አንቺ ፊቱንና ጀርባውን እንዴት ነው የምታገናኚው? አሳይኝ እስቲ።»

ቁጥር መምቻውን አንሥቼ አሳየኋት። ፊቱን መታሁ፣ ገለበጥሁ፣ ጀርባውን መታሁ። አንዱ ካርድ በሁለቱም ፊት ሳያልቅ ሌላውን አልነካም። አይታኝ ስታበቃ ብድግ ብላ ኮምፒውተሯ ላይ ጥቂት ነካካች፤ ቁጥሩ ሁለት ሁለት ጊዜ እየተደጋገመ እንዲወጣ አደረገችው። «አሁን እኔ አወጣለሁ፣ አንቺ ትገለብጪልኛለሽ» አለች። ካርዱን በጣቴ እየለየሁ አንድ አንድ አስገባሁ፤ ፊቱ ሲወጣ ገልብጬ መለስሁት። ከበፊቱ አዘገመ፤ ግን አንድም ሳይዛነፍ ቀጠለ። ስንሠራ ደስ ይል ነበር፤ ይህንን መካድ አልችልም። ስለ ባሕር ዳር ታወራኛለች፣ እኔም ሳላስበው ሳቄ ያመልጠኛል።

ጋሼ መጥተው ፊቱንና ጀርባውን አመሳክረው፣ «ብልህ እኮ ናት!» አሉ እሷን እያዩ።

«የሷ ዘዴ ነው ጋሼ፤ እኔ ከሷ ነው ያየሁት» አለች ልጅቷ።

ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይለሰልሳል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቃል ሳታመነታ ከአፏ በመውጣቱ ቀናሁባት። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ በትርፍ ሰዓቷ ኮምፒውተሩን አስተማረችኝ። በሁለተኛው ዓመት ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ጋሼ ወንበሯ ላይ እኔን አስቀመጡኝ። ስመኘው የኖርሁት ወንበር ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ገብቶ አየኝና፣ «ያቺ ልጅ የለችም?» አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ጋሼ ደግሞ ማታ ሲዘጉ «ጨረስሽ?» አሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በገበያ ቀን ሐሙሲት ላይ አገኘኋት፤ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ ነበር። ከሩቅ «እታለም!» ብላ ጮኸች። ወፍራለች፣ አምሮባታል፣ ያዘለችው ሕፃን አለ። አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ስለ ጋሼ ጤና ጠየቀች። ስታወራ ሁሉ እኔ የማየው ሕፃኑን ነው። ያኔ እኔ አላገባሁም ነበር። ያው የድሮው ቅናት ተመልሶ መጣ።

«ያዢልኝማ፣ ዕቃዬን ሚኒባሱ ላይ ላስጭን» ብላ ልጁን አውርዳ ሰጠችኝ።

ልጁ ከባድ ነበር። አላለቀሰም፤ ጣቴን ጨበጠና ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አቅፌው ቆምሁ። ረዳቱ «ባሕር ዳር! የቀረ ባሕር ዳር!» እያለ ሲጣራ ቀስ ብዬ ጣቴን ከእጁ አላቀቅሁና ለናቱ መለስሁላት።